ከቦሌ ዋሽንግተን፦ መሄጃውና መመለሻው የማይተካከል መንገድ

ቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቆመን «ዋሽንግተን በየት በኩል ናት?» ብንባል አብዛኞቻችን እጃችንን የምንዘረጋው ወደ ምዕራብ ነው። ይህ መልስ በመማሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የዓለም ካርታ የወረስነው ነው። በካርታው ላይ አሜሪካ ከአፍሪካ በስተግራ ትገኛለች፤ ግራው ደግሞ ምዕራብ ነው። ይሁን እንጂ የምንኖርባት ምድር ሉል እንጂ ወረቀት አይደለችም። ጣታችን በእርግጥ ዋሽንግተንን እንዲያመለክት ከፈለግን በቅድሚያ ፊታችንን ወደ ሰሜን ምዕራብ ማዞር፣ ቀጥሎም ጣታችንን ከአድማስ በታች 52 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርገን መሬቱን መቀሰር ይኖርብናል።

ጣታችን ባመለከተው አቅጣጫ ምድርን ሰርስሮ የሚያልፍ ቀጥተኛ ዋሻ ቢኖር ኖሮ ርዝመቱ 10,040 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ፣ በመካከሉም ከምድር ገጽ 2,450 ኪሎ ሜትር ያህል በጠለቀ ነበር። እንዲህ ያለ ዋሻ የለምና ተጓዡ የሉሉን ገጽ ተከትሎ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ግድ ይለዋል።

ይህን መስመር ለጽሑፋችን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከግቢያችን በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ወደ ዋሽንግተን ይበራል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ በዚህ መስመር የተጓዘ ወይም ተጓዥ የሸኘ ቤተሰብ በከተማችን ጥቂት አይደለም። ከተጓዦቹም መካከል ልብ ብሎ ያስተዋለ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ አውሮፕላኑ መካከል ላይ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ያደርሰዋል። ሲሄድ ግን ነዳጅ ለመቅዳት፣ በአንዳንዱ ዓመት ሮም በአንዳንዱ ዓመት ደብሊን፣ ማረፍ የመስመሩ ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ ጉዞውም ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከተሞቹ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም፤ አውሮፕላኑም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አስቀድመን የሰዓት ቆጠራን ጉዳይ ከመንገዳችን እናስወግድ። በቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ደግሞ የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት የተነሣ ተጓዥ ዋሽንግተን የሚደርሰው በዚያው አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቢሆን፣ ሸኚው ቤተሰብ «አሥር ሰዓት ፈጀበት» ብሎ ይገምታል። ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል በበጋቸው የ7፣ በክረምታቸው የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። ስለዚህ በበጋቸው ወራት ከሆነ እውነተኛው የጉዞ ጊዜ 17 ሰዓት ነው ማለት ነው። ይህ የአቆጣጠር እንጂ የፊዚክስ ጉዳይ ስላልሆነ በዚሁ እንለፈው።

በሉል ላይ «ቀጥታ» ሲባል

በሉል ገጽ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ የዐቢይ ክበብ ቅስት ይባላል። ዐቢይ ክበብ ማለት ማእከሉ ከሉሉ ማእከል ጋር የሚገጥም ክበብ ነው። ምድር ወገብ አንዱ ዐቢይ ክበብ ነው፤ ሌሎቹ የኬክሮስ መስመሮች ግን አይደሉም። የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስደን ብናሰላ፣ ከምድር ማእከል ሆኖ ሲታይ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን የሚለያያቸው አንግል 104 ዲግሪ ይሆናል። እያንዳንዱ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ከላይ የጠቀስነውን 11,560 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። የ52 ዲግሪው ምስጢርም እዚሁ ላይ ነው፤ በክበብ ታንጀንትና ከዚያው ነጥብ በሚነሣ አውታር መካከል ያለው አንግል የማእከላዊው አንግል ግማሽ መሆኑን በጂኦሜትሪ ትምህርት ተምረነዋል።

ይህ ቅስት ከአዲስ አበባ ሲነሣ አቅጣጫው ሰሜን ምዕራብ ነው። የሰላሌን ሰማይ አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በምዕራብ ጎጃም በኩል ወደ ሱዳን ይገባል። ከዚያ የሊቢያን በረሃ፣ የቱኒዚያን ደቡብና አልጄሪያን አልፎ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፤ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አድርጎም አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። ከፍተኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ የሚደርሰው በውቅያኖሱ መካከል ሲሆን፣ እሱም 45 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ዋሽንግተን የምትገኘው በ39 ዲግሪ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። አውሮፕላኑ ከመድረሻው በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ እንደገና ወደ ደቡብ ይወርዳል ማለት ነው። በግድግዳው ካርታ ላይ ይህ ትልቅ ጠመዝማዛ መስሎ ይታያል፤ ሆኖም በካርታው ላይ በማስመሪያ የምናሰምረው «ቀጥታ» መስመር በእውነተኛዋ ምድር ላይ ከዚህኛው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የምንጠራጠር ከሆነ አንድ ሉልና አንድ ክር ይበቁናል፤ ክሩን በሁለቱ ከተሞች መካከል ወጥረን በየት በኩል እንደሚያልፍ እንመልከት።

እርግጥ ይህ የንድፈ ሐሳብ መስመር ነው። ሰማይም እንደ መሬት ድንበር አለው። ከ1998 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በነበረው ጠላትነት ምክንያት የኤርትራ ሰማይ ለእኛ አውሮፕላኖች ዝግ ነበር። በኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ያች አገር የአየር ክልሏን ለሲቪል በረራ ዘጋች፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜንና ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄዱ በረራዎችም ዙሪያውን እንዲዞሩ ተገደዱ። እንዲህ ያለው መዞር መንገዱን ያረዝማል፤ ግን ሲሄዱም ሲመለሱም የሚያረዝም ስለሆነ ለጥያቄያችን መልስ አይሆንም።

ነዳጅ ለመቅዳት ማረፉ ራሱስ መንገዱን አያረዝመውም? እጅግ ጥቂት ነው የሚያረዝመው። በሮም በኩል ቢኬድ ጠቅላላው ርቀት 11,710 ኪሎ ሜትር፣ በደብሊን በኩል ቢኬድ 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደብሊን በካርታው ላይ እንዲያ ርቃ የምትታይ ከተማ ሆና ሳለ በመንገዱ ላይ የምትጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑ፣ የግድግዳውን ካርታ ምን ያህል ልናምነው እንደሚገባ የሚያሳይ ይመስለናል። ለማረፊያ የሚባክነው ጊዜ ከርቀቱ ሳይሆን ከመውረዱ፣ መሬት ላይ ከመቆየቱና እንደገና ከመውጣቱ የሚመጣ ነው።

ምድር ትዞራለች፤ ታዲያ ለምን አትረዳንም?

በመሄጃና በመመለሻ መካከል ስላለው ልዩነት ሲነሣ ከተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች፤ እንግዲያስ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን መድረሻው ራሱ ወደ እሱ እየመጣለት ስለሆነ ቶሎ መድረስ አለበት የሚል ነው። ሐሳቡ የዋህ ቢመስልም ሊናቅ አይገባም። ለብዙ መቶ ዓመታት ምድር አትዞርም ብለው የተከራከሩ ሊቃውንት ያነሡት ዋነኛ ማስረጃ ይኸው ነበር፤ ምድር ብትዞር ኖሮ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ በተወረወረበት ቦታ ባልወደቀ ነበር ይሉ ነበር።

በቂሊንጦ ኬክሮስ ላይ የምድር ገጽ ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐሳቡ ትክክል ቢሆን ኖሮ ከግቢያችን በላይ አንድ ሄሊኮፕተር ተነሥቶ ለአንድ ሰዓት ባለበት ቢያንዣብብ፣ ሲወርድ የሚያገኘው ቂሊንጦን ሳይሆን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ደን በሆነ ነበር። ይህ የማይሆንበት ምክንያት ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሳንቲም ሽቅብ ወርውሮ መልሶ በእጁ የሚቀልብበት ምክንያት ነው። ሳንቲሙ ከእጁ ሲለይ የአውቶቡሱን ፍጥነት ይዞ ነው የሚለየው። ጋሊሊዮ ይህንኑ በመርከብ ምሳሌ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አስረድቶታል። አውሮፕላኑም፣ የሚበርበት አየርም ከምድር ጋር አብረው ይዞራሉ። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን የሚለካው ከአየሩ አንጻር ነው፤ አየሩ ባይንቀሳቀስ ኖሮ መሄጃና መመለሻ እኩል በሆኑ ነበር።

ቁም ነገሩ ግን አየሩ መንቀሳቀሱ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ አየሩን ወደ ምሥራቅ እንዲነፍስ የምታደርገው ያችው የምድር መዞር መሆኗ ነው። የምድር መዞር ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ትረዳዋለች የተባለችውን ያህል፣ በተግባር የምታደርገው ተቃራኒውን ነው።

ከላያችን የሚፈሰው ወንዝ

በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ አጥብቃ የምታሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም ወደ ሁለቱ ዋልታዎች አቅጣጫ ይዘረጋል። በምድር ወገብ ላይ በረጋ ሁኔታ ያለ አየር ከምድር ጋር በሰከንድ 465 ሜትር ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ይህ አየር ወደ 30 ዲግሪ ሰሜን ሲደርስ ከምድር ዘንግ ያለው ርቀት ይቀንሳል። አንድ ነገር ወደሚዞርበት ዘንግ ሲጠጋ ፍጥነቱ እንደሚጨምር በፊዚክስ ትምህርት አንጉላር ሞመንተም በሚለው ርዕስ ሥር ተምረናል፤ ክንዶቻችንን ዘርግተን በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጠን ክንዶቻችንን ስንሰበስብ የሚሆነው ማለት ነው። በዚሁ ሕግ የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 537 ሜትር ከፍ ይላል። በዚያ ኬክሮስ ላይ ያለው መሬት ግን የሚጓዘው በሰከንድ 403 ሜትር ብቻ ነው። በመሆኑም መሬት ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው አየሩ በሰከንድ 134 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ምሥራቅ ሲሮጥ ይታያል።

እርግጥ ተፈጥሮ ይህን ያህል አትጨክንም። ሰበቃና የአየር ሞገዶች ፍጥነቱን ስለሚያባክኑት በተግባር የሚለካው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ግማሽ በታች ነው። ያም ሆኖ በ10 እና በ13 ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል፣ ማለትም አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብና ብርቱ የነፋስ ወንዝ ይፈጠራል። ጄት ስትሪም የሚባለው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚያደርሰው መንገድ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ባለው ክልል ውስጥ በመሆኑ ከዚህ ወንዝ ጋር መጋፈጡ አይቀርም። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በብርድ ወራት ወንዙ ይበረታል፤ ወደ ደቡብም ይጠጋል። (በእኛ ክረምት ወራት በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሚነፍስ፣ ከሕንድ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሌላ ጄት አለ፤ ለዝናባችንም ድርሻ አለው። ግን ከፍታው አውሮፕላኖች ከሚበሩበት በላይ ስለሚሆን፣ በመንገዱም ጥቂት ክፍል ላይ ብቻ ስለሚገኝ ለተጓዡ እምብዛም አይተርፈውም።)

የዚህ ነፋስ ግኝት ታሪክ እግረ መንገዳችንን ሊወሳ የሚገባው ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋሳቡሮ ኦይሺ የተባሉ ጃፓናዊ የሜትዎሮሎጂ ሊቅ ከታቴኖ የምርምር ጣቢያ ፊኛዎችን እየለቀቁ በመከታተል፣ በከፍተኛው ሰማይ ላይ እጅግ ብርቱ የምዕራብ ነፋስ መኖሩን ለኩ። ውጤታቸውንም ዓለም ሁሉ እንዲያነበው በማሰብ በ1926 እ.ኤ.አ. ኤስፔራንቶ በተባለው ሰው ሠራሽ ዓለም አቀፍ ቋንቋ አሳተሙት። ዓለም ግን አላነበበውም። የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ከጃፓን ሰማይ ላይ ከዚሁ ነፋስ ጋር ሲጋጠሙ አብራሪዎቹ ክፉኛ ተደናገጡ። ሳይንስ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ለእኛም እንግዳ ስላልሆነ የእኚህ ሰው ዕጣ ልባችንን ይነካዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አውሮፕላኑ ከአየሩ አንጻር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ በመንገዱ ሁሉ ላይ ያለው የምዕራብ ነፋስ አማካይ ደግሞ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት 970 ስለሚሆን 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን ፍጥነቱ 830 ስለሚሆን 13 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 2 ሰዓት ነው። ለመውጣትና ለመውረድ የሚያስፈልገውን ጊዜ በሁለቱም ላይ መጨመር ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሲመጣ የረዳው ነፋስ ሲሄድ ከጎዳው ጋር ይቻቻላል፣ በደርሶ መልስ ጉዞ ትርፍም ኪሳራም የለም ብሎ መደምደም ይቀናናል። ከላይ ያሉትን ሁለት ጊዜያት ብንደምር 25 ሰዓት ከ51 ደቂቃ እናገኛለን፤ ነፋስ ባይኖር ኖሮ ግን ደርሶ መልሱ 25 ሰዓት ከ41 ደቂቃ በሆነ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ጠፍታለች። ምክንያቱም አውሮፕላኑ በሚረዳው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ፣ በሚጎዳው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ለረዥም ጊዜ በመሆኑ ነው። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን አልጀብራ ሊያውቁት ይገባል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ማይክልሰንና ሞርሊ ብርሃን በ«ኤተር ነፋስ» ውስጥ ደርሶ ሲመለስ ይዘገያል ወይ ብለው የመረመሩበት ስሌት እሱው ነው።

የነፋሱን ብርታት ለሚጠራጠር አንድ ምሳሌ እንጨምር። በፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. በአትላንቲክ ላይ ከባድ ማዕበል በነበረበት ሌሊት አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ደረሰ። ከመሬት አንጻር የነበረው ፍጥነት በአንድ ወቅት በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ነበር። ይህ በባሕር ወለል ላይ ካለው የድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፤ አውሮፕላኑ ግን ከአየሩ አንጻር የድምፅን ፍጥነት አላለፈም።

የ1976ቱ በረራ

በዚህ መስመር ላይ በቁጥር የተመዘገበ አንድ ትልቅ የሀገራችን ታሪክ አለ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ መካከል ላይ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። የተጓዘው 12,082 ኪሎ ሜትር፣ የፈጀበትም 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነበር። በዚያን ጊዜ ባለሁለት ሞተር የመንገደኞች አውሮፕላን ሳያርፍ ይህን ያህል በርሮ ስለማያውቅ በዓለም አቀፍ ክብረ ወሰንነት ተመዘገበ። የወቅቱ መንግሥት ፊቱን ወደ ሶቪየት ኅብረት አዙሮ ሳለ አየር መንገዱ ከቦይንግ መግዛቱን አለማቆሙ ለታሪክ ተመራማሪዎች የሚተው ጥያቄ ነው፤ እኛ ቁጥሮቹን እንመርምር።

በመጀመሪያ፣ የተጓዘው ርቀት ከአጭሩ ቅስት 520 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። አውሮፕላኖች እንደ ክር አይሄዱም፤ የአየር ክልሎችን፣ የአደጋ ጊዜ ማረፊያዎችንና ነፋሱን እያዩ ነው መንገዳቸውን የሚመርጡት። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ወንዙን ፈልጎ ይገባበታል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ይሸሸዋል። በኪሎ ሜትር የረዘመ መንገድ በሰዓት ሊያጥር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ርቀቱን ለጊዜው ብናካፍል በሰዓት 910 ኪሎ ሜትር የሚሆን አማካይ ፍጥነት እናገኛለን። የዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን የተለመደ የጉዞ ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት 80 በመቶ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ ላይ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትርፉ 60 ኪሎ ሜትር የነፋሱ ስጦታ ነው። ነፋስ ባይኖር ያው መንገድ 14 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ በዚያው ነፋስ ላይ ፊቱን አዙሮ ቢመለስ ደግሞ 15 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። ክብረ ወሰኑ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ያልሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋሱ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ብቻ ነው።

ባቄላ የሚያዘገየው አየር

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 95 ሜትር ብቻ ነው። በቦሌ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላም ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚወስደው በዚህ ምክንያት መሆኑን እናቶቻችን ባይነግሩንም በምድጃቸው አሳይተውናል።

የክንፍ የማንሣት ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከፍጥነቱ ካሬ ብዜት ጋር ተመጣጣኝ ነው። በቦሌ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በደረሰበት ከሰዓት በኋላ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ላይ ካለው መደበኛ እፍግታ 73 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱን 17 በመቶ መጨመር አለበት፤ በባሕር ወለል በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ላይ የሚነሣ እዚህ 328 ኪሎ ሜትር መድረስ ይኖርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በ37 በመቶ ይረዝማል። ይህም ሞተሩ ኃይሉን አልቀነሰም ብለን ነው፤ ሞተሩም እንደ እኛው የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ኃይሉ ይቀንሳል፣ መንደርደሪያውም ይበልጥ ይረዝማል። የጎማዎቹም ነገር አለ፤ ሊሽከረከሩ የሚችሉበት የፍጥነት ጣሪያ በአምራቹ ተወስኗል። ቦሌ 3,800 ሜትር የሚደርስ መንደርደሪያ አለው። የደለሱ ረዥሙ 3,500 ሜትር ሲሆን፣ በባሕር ወለል አጠገብ ላለ ማረፊያ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

መንደርደሪያው በማያልቅ ሊረዝም ስለማይችል የሚቀረው መፍትሔ ክብደት መቀነስ ነው። ቦይንግ 787-8 ሲነሣ እስከ 228 ቶን ሊመዝን ይችላል፤ ከዚህ ውስጥ ነዳጁ ብቻ እስከ 100 ቶን ይደርሳል። በሰዓት የሚያቃጥለው 5 ቶን ገደማ ነው። እንግዲህ ነፋሱ የጨመረብንን ሁለት ሰዓት በነዳጅ ብንመነዝረው 10 ቶን ይሆናል፤ አንድን መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ብናደርገው ደግሞ የ100 ሰው ክብደት ማለት ነው። ከዚህም በላይ ነዳጅ ራሱን ለማጓጓዝ ነዳጅ ይፈጃል፤ በእንዲህ ያለ ረዥም በረራ ተጨማሪ ከተጫነው ነዳጅ ሲሶ ያህሉ መድረሻው ሳይደርስ ራሱን በመሸከም ያልቃል።

ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላን በሁለት በኩል የተያዘ ነው። ነፋሱ «ብዙ ነዳጅ ጫን» ይለዋል፤ የቦሌ አየር ደግሞ «ትንሽ ክብደት ይዘህ ተነሣ» ይለዋል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው መንገደኛን በመቀነስ፣ አለዚያም ያለውን መንገደኛ ይዞ በግማሽ ነዳጅ ተነሥቶ በባሕር ወለል አጠገብ ባለ ማረፊያ በመሙላት ነው። ሮም ወይም ደብሊን ማረፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዋሽንግተን የሚነሣው ግን ጥቅጥቅ ያለ አየር ያነሣዋል፤ ተነሥቶም ነፋስ ይገፋዋል። አየር መንገዱ በኖቬምበር 2010 እ.ኤ.አ. ቦይንግ 777-200 ኤልአርን፣ በኦገስት 2012 ደግሞ ቦይንግ 787ን ሲረከብ፣ ሁለቱም ወደ አገራቸው የገቡት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ባለማረፍ በርረው ነው። የተሻለ ሞተርና የቀለለ አካል ልዩነቱን እያጠበቡት ነው፤ ሊያጠፉት ግን አይችሉም።

ብዙዎቹ የረዥም ርቀት በረራዎች ከቦሌ የሚነሡት በምሽት መሆኑ ለብርድ አየር ተጠቃሚ ያደርጋቸዋል። የሙቀቱ መጠን ከ25 ወደ 12 ዲግሪ ሲወርድ የአየሩ እፍግታ 4.5 በመቶ ያህል ይጨምራል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲገነባ የተወሰነው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያም ወደዚሁ የሚጠጋ ጥቅም አለው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከቦሌ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ማለቷ በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት እፍግታውን በ4.5 በመቶ ያህል ያሳድጋል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ሌሊት ከቢሾፍቱ የሚነሣ አውሮፕላን፣ በሞቃት ከሰዓት በኋላ ከቦሌ ከሚነሣ አቻው ይልቅ 9 በመቶ የበለጠ እፍግታ ያለው አየር ከክንፉ ሥር ያገኛል። 200 ቶን ለሚመዝን አውሮፕላን በእኩል ፍጥነት ይህ የ18 ቶን ልዩነት ነው፤ 10 ቶኑ ለነፋሱ ሁለት ሰዓት ይከፈላል፣ የቀረው 8 ቶን ለመንገደኛውና ለሻንጣው ይተርፋል።